ከሁለት ሳምንት ያለፈ ትኩሳት፦ ካላ አዛርና የቆላው ልጆቻችን

(በሬዲዮ የጤና ዝግጅታችን የቀረበ፣ ለኅትመት በሚመች መልኩ የተስተካከለ)



የዛሬው ርዕሳችን በተለይ በአብርሃ ጅራ፣ በአብደራፊ፣ በመተማና በአካባቢው ቆላ የሚኖሩ ልጆቻችንን ይመለከታል። ጉዳዩን በምሳሌ እንጀምር።

አንድ የስድስት ዓመት ልጅ እናስብ። ትኩሳት ይይዘዋል፤ ይተወዋል፣ ተመልሶ ይይዘዋል። አገሩ ቆላ ነውና የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ወባ ነው። በዚህ ማንም አይወቀስም። ልጁ የወባ መድኃኒት ይወስዳል፤ ለጥቂት ቀናት የተሻለው ይመስላል፣ ትኩሳቱ ግን ይመለሳል። ቀጥሎ «ታይፎይድ ነው» ይባልና ሌላ መድኃኒት ይታዘዝለታል። እንዲህ እንዲህ እያለ ወሩ ያልቃል። የልጁ እጅና እግር እየቀጠነ፣ ሆዱ ግን እየገፋ ይሄዳል። አንዱ ጎረቤት «የሆድ ትል ነው» ይላል። ሌላው «ጣፊያው አብጧልና ይተኮስ» ይላል። ሦስተኛው «ዓይን በልቶት ነው» ይላል። ወቅቱ ሰሊጥ የሚታጨድበት ከሆነ ደግሞ አባት «አጨዳው ይለፍና ጎንደር እወስደዋለሁ» ብሎ ቀጠሮ ይይዛል።

ይህ ልጅ የታመመው ካላ አዛር ሊሆን ይችላል። ካላ አዛር ካልታከመ በላዩ ከታየባቸው 100 ሰዎች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል። በጊዜው ከታከመ ግን በአላህ ፈቃድ አብዛኛው ይድናል። ሞትንና መዳንን የሚለየው ብዙ ጊዜ የመድኃኒት መኖር አለመኖር አይደለም፤ በሽታውን በጊዜው መጠርጠር ነው። ስለዚህ ከዚህ ዝግጅት አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይህን ያዙ፦ በቆላ ለኖረ ወይም ወደ ቆላ ሄዶ ለተመለሰ ልጅ፣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ትኩሳት የካላ አዛር ምርመራ ያስፈልገዋል።

በሽታው ከየት ይመጣል?

ካላ አዛር የሚለው ስም ከሕንድ አገር የመጣ ሲሆን «ጥቁር በሽታ» ማለት ነው። በሽታውን የሚያመጣው ሊሽማኒያ የሚባል በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተህዋስ ነው። ከሰው ወደ ሰው የሚያሸጋግረው ደግሞ የአሸዋ ዝንብ ነው። ስሙ ዝንብ ይባል እንጂ ከወባ ትንኝ እንኳ የሚያንስ፣ ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ ደቃቅ ነፍሳት ነው። ሲበር ድምፅ የለውም። የሚናከሰው ከመግሪብ አካባቢ ጀምሮ እስከ ንጋት ድረስ ነው። ቀን ቀን በበጋ በተሰነጣጠቀው የዋልካ መሬት ስንጥቅ ውስጥ፣ በግራር ዛፎች ሥርና በመሳሰሉት ጥላና እርጥበት ባላቸው ቦታዎች ይደበቃል። የአብርሃ ጅራንና የመተማን ሜዳ የሚያውቅ ሰው ይህ ዝንብ ለምን እንደተመቸው ለመረዳት አይቸገርም።

ሕመሙ በአብዛኛው የሚጀምረው ከተነከሱ ከሁለት እስከ ስድስት ወራት ያህል ቆይቶ ነው። በዚህ ምክንያት «አሁን እርሻ አልሄደም» ወይም «ከቆላ ከወጣን ቆይተናል» ማለት ብቻውን ከበሽታው ነጻ አያደርግም። ዛሬ ደጋ ላይ የታመመ ልጅ በሽታውን ያገኘው ከወራት በፊት ቆላ ሳለ ሊሆን ይችላል።

የሚያጠቃው ሰውነትን የሚጠብቀውን ኃይል ነው

ካላ አዛርን ከብዙ በሽታዎች የሚለየው ጉዳይ ይህ ነው። አላህ (ሱ.ወ) ለሰው ልጅ አካል ጠባቂ ኃይል ሰጥቶታል። ከጠባቂዎቹ አንዱ ወገን ወደ ሰውነት የገባን ጀርም እየዋጡ የሚያጠፉ የደም ሴሎች ናቸው። የካላ አዛር ተህዋስ ደግሞ በእነዚሁ ሴሎች ሲዋጥ አይሞትም። በውስጣቸው ይኖራል፣ በውስጣቸው ይራባል። ዘበኛው ሌባውን ይዤ አሰርኩት ሲል ሌባው የዘበኛውን ቤት መኖሪያው ያደርገዋል እንደማለት ነው።

እነዚህ ሴሎች በብዛት የሚገኙት በጣፊያ፣ በጉበትና በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጣፊያ ያብጣል፤ በግራ በኩል ከጎድን አጥንት ሥር በእጅ ሲዳሰስ እንደ ድንጋይ የሚጠነክር ነገር ይገኛል። መቅኔው ሲጎዳና ያበጠው ጣፊያ የደም ሴሎችን ሲይዝ ልጁ ደም ያንሰዋል፤ ከንፈሩና የዓይኑ ውስጠኛ ሽፋን ይገረጣል። ደም የሚያረጉት ሴሎች ስለሚያንሱ ይነስረዋል ወይም ድዱ ይደማል። ነጭ የደም ሴሎቹ ሲቀንሱ ደግሞ ሰውነቱ ለሌላ በሽታ ሁሉ በሩን ይከፍታል።

በዚህ የተነሳ ብዙ የካላ አዛር ሕሙማን ልጆች በመጨረሻ የሚሞቱት በሳንባ ምች፣ በተቅማጥ፣ በኩፍኝ፣ በሳንባ ነቀርሳ ወይም በመድማት ነው። ቤተሰቡም «ልጄ በሳንባ ምች ሞተ» ይላል። ሥሩ የነበረው በሽታ ስሙ ሳይጠራ ያልፋል።

ነገሩ በተቃራኒውም ይሠራል። ቀድሞውኑ የመከላከል አቅሙ የደከመ ልጅ ተህዋሱ ሲገባበት ወደ በሽታ የመለወጡ ዕድል ይጨምራል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ በቀላሉ ይሸነፋል። ኤች አይ ቪ በደሙ ያለበት ሰውም እንዲሁ። የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ ካላ አዛርና ኤች አይ ቪ አንድ ላይ በብዛት ከሚገኙባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ቆይቷል። ይህ በአብዛኛው የሚታየው በአዋቂ ወንዶች ላይ ነው። ቢሆንም ካላ አዛር የተገኘበት ልጅ ሁሉ የኤች አይ ቪ ምርመራም እንዲደረግለት ሐኪሞች ይመክራሉ፤ የሕክምናው ዓይነት በዚህ ይለወጣልና። ወላጆች ይህን ሲጠየቁ እንደ ስድብ ሊቆጥሩት አይገባም። ሐኪሙ የሚፈልገው የልጁን መዳን እንጂ የማንንም ነውር አይደለም።

ለምን ይሰወርብናል? የሊቦ ከምከም ትምህርት

በመተማና በሑመራ አካባቢ ካላ አዛር ሲነሳ ሰው ወዲያው የሚያስበው ለአረምና ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን ወጣት የቀን ሠራተኛ ነው። እውነትም በአካባቢው ከሚታከሙት አብዛኞቹ እነዚህ ወንድሞቻችን ናቸው። ሰሊጥና ጥጥ በስፋት መታረስ ከጀመረ ወዲህ፣ በተለይ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንስቶ፣ በሽታው በሠራተኞች ላይ ሲበረታ ታይቷል። «የሠራተኛ በሽታ» የሚለው አስተሳሰብ ግን አደጋ አለው። ቤተሰብ መሥርቶ በቆላው የሚኖረው ሰው ልጅ እንዲረሳ ያደርጋል። በሽታው በሰፈረበት ነዋሪ ሕዝብ ዘንድ ዋና ተጠቂዎቹ ልጆች መሆናቸው በሱዳንም በሌሎች አገሮችም የታወቀ ነው።

ለዚህ ትልቅ ትምህርት የሚሆነን ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በአዲስ ዘመን አካባቢ ያለችው የሊቦ ከምከም ወረዳ ናት። ወረዳዋ ደጋማ ናት፤ ካላ አዛር ደግሞ የቆላ በሽታ ተብሎ ነበር የሚታወቀው። በአካባቢው ሰዎች በትኩሳት መታመምና መሞት ሲጀምሩ መጀመሪያ የታሰበው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው። በሽታው ካላ አዛር መሆኑ የታወቀው በግንቦት 1997 (በ2005 እ.ኤ.አ.) ነበር። ያን ጊዜ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በአዲስ ዘመን የሕክምና ማዕከል ከፈተ። እስከ 2007 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባለው ጊዜ ብቻ ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች ታከሙ፤ ከእነዚህም ውስጥ ብዙዎቹ ልጆችና ወጣቶች ነበሩ። በሽታው ወደዚያ የደረሰው ለሥራ ወደ ሑመራና ወደ መተማ ወርደው በተመለሱ ሰዎች አማካይነት እንደሆነ ይታመናል።

በሽታው ከመታወቁ በፊት ባለፈው ጊዜ የሞቱት ሰዎች በቸልተኝነት የተተዉ አልነበሩም፤ መድኃኒት ይሰጣቸው ነበር። የተሰጣቸው ግን ላልያዛቸው በሽታ ነበር። ልብ እንድንለው የምንፈልገውም ይህን ነው።

ወደ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ምን ማለት ይገባል?

የሚከተሉትን ምልክቶች ያየ ወላጅ ሳይውል ሳያድር ልጁን ወደ ጤና ተቋም ይውሰድ፦

- ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ፣ የወባ መድኃኒት ተወስዶም ያልጠፋ ወይም እየተመለሰ የሚመጣ ትኩሳት፤
- እየጨመረ የሚሄድ መክሳትና ምግብ እምቢ ማለት፤
- የሆድ መግፋት፣ በተለይ በግራ ጎን የሚዳሰስ እብጠት፤
- መገርጣት፣ ድካም፣ ነስር፤
- በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት የሚወጣ ንፍፊት።

ለሐኪሙ ትኩሳቱ የጀመረበትን ቀን፣ እስካሁን የተወሰዱትን መድኃኒቶች፣ ልጁ የኖረበትን ወይም የሄደበትን ቦታ በግልጽ ንገሩት። «የካላ አዛር ምርመራ ይደረግለት ወይ?» ብሎ መጠየቅም ነውር አይደለም፤ መብታችሁ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። የወባ ምርመራ «ወባ አለ» ቢል እንኳ ካላ አዛር የለም ማለት አይደለም። በአካባቢያችን ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ አብረው ሊገኙ ይችላሉ። ወባው ታክሞ ትኩሳቱ ካልበረደ ፍለጋው መቀጠል አለበት።

ምርመራው እንዴት ነው?

የመጀመሪያው ምርመራ ቀላል ነው። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም፣ አር ኬ 39 በሚባል ፈጣን መመርመሪያ ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታወቃል። ይሁን እንጂ ይህ መመርመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ ከ100 ሕሙማን የሚያገኘው 85 ያህሉን ነው። ስለዚህ «የለም» የሚል ውጤት የመጨረሻ ቃል አይደለም። ምልክቱ ካለ ሐኪሙ ከጣፊያ፣ ከመቅኔ ወይም ከንፍፊት በመርፌ ናሙና ወስዶ ተህዋሱን በማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። ከጣፊያ ናሙና መውሰድ የመድማት አደጋ ስላለው የሚሠራው በሠለጠነ ባለሙያ፣ የልጁ ደም የመርጋት አቅም ከታየ በኋላ ነው። ወላጆች «ጣፊያው በመርፌ ሊወጋ ነው» ሲባሉ ደንግጠው ልጁን ይዘው እንዳይወጡ እናሳስባለን።

ከዚህ ቀደም ካላ አዛር ታክሞ የዳነ ልጅ ዳግም ቢያተኩሰው የጣት ደም ምርመራው አይበቃም። መመርመሪያው ከዳኑም በኋላ ለረጅም ጊዜ «አለ» እያለ ሊቆይ ይችላልና የበሽታውን መመለስ ለማረጋገጥ ናሙና ያስፈልጋል።

ካላ አዛር ካልሆነስ? ጣፊያን የሚያሳብጥና የሚያከሳ ሌላም በሽታ አለ፤ የሳንባ ነቀርሳ፣ የደም ካንሰር፣ የቆየ ወባ ይጠቀሳሉ። እንዲሁም ሲወለድ ጀምሮ የመከላከል አቅሙ የጎደለ ልጅ አልፎ አልፎ ይገኛል። በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ከባድ የሳንባ ምች የሚይዘው፣ በቂ እየበላ የማያድግ፣ ወንድሞቹ ወይም እህቶቹ በተመሳሳይ ሁኔታ በሕፃንነታቸው የሞቱበት ልጅ ከሆነ ይህንኑ ለሐኪሙ መንገርና የሕፃናት ስፔሻሊስት ወዳለበት ሆስፒታል መሄድ ይገባል።

ሕክምናውና ትዕግሥቱ

በአገራችን ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የኖረው ዋናው ሕክምና ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔትና ፓሮሞማይሲን የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች በየቀኑ በመርፌ ለ17 ቀናት የሚሰጡበት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ይህን ጥምር ሕክምና ለምሥራቅ አፍሪካ የመከረው በ2010 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበረው በአንዱ መድኃኒት ብቻ 30 ቀን የሚፈጅ ነበር። በጣም ለደከሙ፣ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑና ኤች አይ ቪ ላለባቸው ደግሞ በደም ሥር የሚንጠባጠብ አምቢሶም የተባለ መድኃኒት ይመረጣል። ኤች አይ ቪ ላለባቸው ሚልቴፎሲን የተባለ የሚዋጥ መድኃኒት አብሮ ይሰጣል።

ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ተካሂዶ ውጤቱ በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ሚልቴፎሲንን ከፓሮሞማይሲን መርፌ ጋር ለ14 ቀናት መስጠት ከ17 ቀኑ ሕክምና ጋር ተቀራራቢ ውጤት አለው። በቀን ሁለት መርፌ የነበረው አንድ ይሆናል ማለት ነው። መርፌ ለሚፈራ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የተቋቋመ የምርምርና የሕክምና ማዕከል አለው። በአብደራፊና በመተማም ሕክምናው ሲሰጥ ቆይቷል። ጸጥታና መንገድ የሚለዋወጥበት ጊዜ ስለሆነ፣ ከመነሳታችሁ በፊት መድኃኒቱና አልጋው የት እንዳለ በአቅራቢያችሁ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቁ፤ የሪፈር ወረቀትም ያዙ።

መርፌው ሲጀመር ትኩሳቱ በአብዛኛው በአንድ ሳምንት ውስጥ ይበርዳል፤ ልጁም ምግብ ይጠይቃል። ፈተናው የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። «አልሐምዱሊላህ ተሽሎታል» ብሎ አቋርጦ ወደ ቤት መመለስ ትልቅ ስህተት ነው። ትኩሳቱ ቢበርድም ተህዋሱ ገና አልጠፋም። የተቋረጠ ሕክምና በሽታውን ይመልሰዋል፤ የተመለሰውን ማከምም ይከብዳል። መድኃኒቶቹም ሐኪም ሊከታተለው የሚገባ ጉዳት አላቸው። ማስመለስ፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የልብ ምት መዛባት ወይም የመስማት መቀነስ ከታየ ወዲያው መንገር ያስፈልጋል።

ምግቡ የሕክምናው አካል ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ያለ ልጅ የክንዱ ዙሪያ ከ11 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት ማለት ነው። እንዲህ ላለው ልጅ የሚሰጠው ፕላምፒ ነት መድኃኒቱ ነውና ለወንድምና ለእህት አይከፋፈልም። ያመለጠው የኩፍኝና የሌላ ክትባት ካለ ሐኪሙን አማክሮ ማሟላት ይገባል። ከሕክምናው በኋላም እስከ ስድስት ወር ድረስ በቀጠሮ መታየት አለበት። በእነዚህ ወራት በፊቱ ላይ ነጣ ያለ ወይም ጉብ ጉብ ያለ ሽፍታ ቢወጣ ከዚሁ በሽታ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ በራሱ የሚጠፋ ቢሆንም ለሐኪም ማሳየት አይዘንጋ።

መከላከያው

በሊቦ ከምከም የተካሄደ ጥናት ውጭ መተኛት፣ በተለይም ከግራር ሥር መተኛት፣ በበሽታው የመያዝ ዕድልን እንደሚጨምር አሳይቷል። ሙቀቱ ውጭ ቢያስተኛን እንኳ ልጆቻችንን በአጎበር ውስጥ እናስተኛ። ከድንበሩ ማዶ ባለችው የሱዳን ገዳሪፍ ከ1999 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. በመድኃኒት የተነከረ አጎበር በስፋት ሲታደል የካላ አዛር ሕሙማን ቁጥር በአማካይ በ27 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ተገምቷል። ልጆች ግን ወላጆቻቸው አጎበር ውስጥ ከመግባታቸው በፊት፣ በመግሪብና በዒሻ መካከል ውጭ ሲጫወቱ ይነከሳሉ። በዚያን ሰዓት እጅና እግራቸውን የሚሸፍን ልብስ ማልበስ ይጠቅማል።

ሰበብን ማድረስ

ውድ አድማጮቻችን! ሺፋ በአላህ እጅ ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ደግሞ አላህ በሽታን ሲያወርድ መድኃኒቱንም እንዳወረደ አስተምረው እንድንታከም አዘውናል። ስለዚህ ልጃችንን ማሳከም ተወኩልን አያጎድልም። ዱዓውም ሩቅያውም ይደረግ፤ ከሕክምናው ጋር እንጂ በሕክምናው ምትክ አይሁን። ጣፊያ መተኮስን በተመለከተ ግን ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) መተኮስን እንዳልወደዱት በሐዲስ ተዘግቧል። ካላ አዛር የያዘው ልጅ ደግሞ ቁስሉ በቀላሉ ያመረቅዛል፣ ደሙም አይረጋም። ጥቅሙ ምንም፣ ጉዳቱ ብዙ ነው።

«ከአጨዳው በኋላ»፣ «ከረመዷን በኋላ»፣ «ከዒድ በኋላ» የሚሉ ቀጠሮዎች ልጆችን ነጥቀውናል። አላህ ለበሽተኛና ለመንገደኛ በጾም ላይ ያደረገውን ማቅለል አንዘንጋ። ልጅ አማና ነው፤ ስለ አማናውም እንጠየቃለን።

መድኃኒቱ ከበሽተኛው ገንዘብ ሳይጠየቅ የሚሰጥ ቢሆንም የአውቶቡሱ፣ የምግቡና የአስታማሚዋ ወጪ ድሃውን ያስቀረዋል። የሦስት ሳምንት አስታማሚነት የቀን ሥራ ለሚሠራ ቤተሰብ ከባድ ነው። እዚህ ላይ የመስጂዶቻችን ጀማዓ ድርሻ አለው። ኢማሞቻችን ከጁሙዓ ሰላት በኋላ ሁለት ደቂቃ ወስደው «ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት ይመርመር» ቢሉ፣ ጀማዓውም ለአንድ ችግረኛ ልጅ የመንገድና የስንቅ ቢያዋጣ፣ እናትየዋ ጎንደር ላይ ሳለች ቤት የቀሩትን ልጆች ጎረቤት ቢይዝላት፣ በኢንሻአላህ አንድ ነፍስ ይተርፋል። ልጁ የጎረቤት የክርስቲያን ልጅ ቢሆን፣ ከሱዳን ተሰዶ የመጣ ቢሆን፣ የቀን ሠራተኛ ልጅም ቢሆን ልዩነት የለውም።

አላህ (ሱ.ወ) የታመሙ ልጆቻችንን ይማርልን፤ ለወላጆቻቸው ሶብርን፣ ለሐኪሞቻቸው ብርታትን ይስጥልን። አሚን።